ከሥር የሚሰማው ድምፅ፦ የቤዝ ጊታር ተጫዋቾች ምርጫ ከየት ይመጣል?

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር፣ ጎንደር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ሁለት የቤዝ ጊታር ተጫዋቾች አንድ ጠረጴዛ ከከበቡ ወሬያቸው ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። አንደኛው ባለ አራት ክር መሣሪያ ይበቃኛል ይላል፤ ሌላው ያለ አምስተኛው ክር መድረክ አልወጣም ይላል። አንዱ አዲስ ክር የሚሰጠውን ጥርት ያለ ድምፅ ይወዳል፤ ሌላው ክሩ አርጅቶ እስኪደነዝዝ ይጠብቃል። ስለ ሙዚቃም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሬጌ፣ አንዱ ጃዝ፣ አንዱ የሰባዎቹን የአዲስ አበባ ባንዶች ያነሣል። ከጎን ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ሁሉ የግል ምርጫ ነው፤ ምርጫ ደግሞ አያከራክርም ተብሎ ይታለፋል።

እኔ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ግን ምርጫው ለአንድ ከባድ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ መሆኑን ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ በአንድ ዜማ ላይ በቆመ፣ ራሱን የቻለ የቤዝ ክፍል ባልነበረው ሙዚቃ ውስጥ ዝቅተኛው ድምፅ ምን ይሥራ? መሣሪያው ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ክሩን የነካ ተጫዋች ሁሉ ይህን ጥያቄ በጣቱ ሲመልስ ኖሯል። በጽሑፍ የመለሰው ግን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ የቆምንበትን ስፍራ እንመልከት። የአገራችን አዝማሪ መሣሪያ ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው፤ ክሩም ከፈረስ ጭራ ይሠራል። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ካለችው ከቡርቧክስ የሚመጣ አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው ድምፁን ይከተላል፤ አንዳንዴ ይቀድመዋል፣ አንዳንዴ በጌጥ ይለየዋል፣ ነገር ግን ሌላ ዜማ ይዞ ከሥር አይሄድም። ታዲያ ዝቅተኛ ድምፅ በጎንደር አልነበረም ማለት ነውን? ነበረ፤ ያለው ግን በሌላ ቦታ ነው። በአቋቋም ምስክርነቷ በታወቀችው በጎንደር በዓታ ከበሮ ሲመታ የሰማ ሰው የሰፊው አፍ ድምፅ ደረት ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል። ሰፊው አፍ ዝቅተኛውን፣ ጠባቡ አፍ ከፍተኛውን ድምፅ ይሰጣል፤ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሻገር እንቅስቃሴውን የሚያፋጥነውም ይኸው የሁለቱ ምልልስ ነው። ዝቅተኛው ድምፅ በዚህ ቦታ ቃና የለውም፤ ሥራው ጊዜን መያዝ ነው።

ሁለተኛው ቦታ በገና ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹ በቀድሞው አሠራር ከበግ አንጀት የሚዘጋጁ ናቸው። በዐቢይ ጾም ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ሲደረደር ከመሣሪያው የሚወጣው ንዝረት የተለየ ነው፤ ንብ ቀፎ ውስጥ እንዳለች ያህል ያርራል። ይህ ድምፅ የሚገኘው በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል በሚገባው እንዚራ በሚባለው ቁራጭ ቆዳ አማካኝነት ነው። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን ደጋግሞ ይነካዋል፤ በዚህም ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉ ተከታይ ድምፆች ይበዛሉ። ጆሮ ደግሞ አስገራሚ ጠባይ አለው። የመሠረታዊው ድምፅ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የሆኑትን ድምፆች ከሰማ፣ መሠረታዊው ደካማ ቢሆን፣ ጨርሶ ባይኖርም እንኳ፣ ራሱ ይሞላዋል። የጥንት ሊቃውንት ይህን በቀመር አልጻፉትም፤ በቆዳ ቁራጭ ግን ሠርተውታል። ዝቅተኛ ድምፅን ያለ ማጉያ ለማሰማት ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላውቅም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ክር የሚደረገው የቤዝ ተጫዋቾች ክርክር ከዚሁ ጋር አንድ በመሆኑ ነው። የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። የታችኛው ሚ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ዛሬ ግን ወጣቱ ሙዚቃ የሚሰማው በእጅ ስልክ ነው፤ የስልክ ትንሽ ስፒከር ይህን ድምፅ ከቶ ሊያወጣው አይችልም። በስልክ የሚሰማው ቤዝ በሙሉ በተከታይ ድምፆቹ አማካኝነት ጆሮ የሞላው ነው። ስለዚህ አዲስና ሻካራ ጥምጥም ያለው ክር፣ ተከታይ ድምፆቹ ብዙ ስለሆኑ፣ በስልክም ይሰማል፤ ልስልስ ጥምጥም ያለው ወይም ያረጀው ክር በትልቅ ማጉያ ፊት ክብና ሙሉ ሆኖ፣ በስልክ ግን ይጠፋል። ክር ሲመረጥ አድማጭም አብሮ ይመረጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዲትሮይት ለሞታውን ኩባንያ ይጫወት የነበረው ጀምስ ጀመርሰን በ1962 ሞዴል የፌንደር ፕሪሲዥን መሣሪያው ላይ ልስልስ ክር ነበረው፤ ክሩንም እስኪበጠስ ድረስ እንደማይቀይር፣ የሚመታውም በአንድ አመልካች ጣት እንደነበር በሰፊው ይታወቃል። አዲስ ክር መግዛት የሚችል ሰው አሮጌውን መረጠ። እኔና ጓደኞቼ ደግሞ በደርግ ዘመን በአንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ስንጫወት፣ ክር ስለማይገኝ አሮጌውን ፈትተን በፈላ ውኃ እንቀቅለው ነበር። ቅባቱና ላቡ ሲለቅ ለጥቂት ቀናት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይደነዝዛል። እርሱ ድንዛዜውን በምርጫ አገኘው፤ እኛ ጥራቱን በድስት አበሰልነው። የድምፅ ምርጫ ሲወራ ይህን የኪስ ጉዳይ መርሳት አይገባም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልለፍ። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ አቀረበ። ስሙ “ትክክለኛነት” ማለት ነው፤ አንገቱ ላይ ፍሬት ስላለው ጣት ያረፈበት ድምፅ አይዛነፍም ለማለት ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች መሣሪያውን ሲይዙት የተማሩት ከአሜሪካ ሶል ሙዚቃ ነበር። የተማሩትን ግን እንዳለ አላስቀመጡትም። ለዚህ ሁለት ተጫዋቾችን በምሳሌነት ላንሣ።

አንዱ የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬ ነው። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለረዥም ዓመታት የሠራ ባንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት “ቸ በለው” በተሰኘው አልበም ውስጥ የግርማ በየነ “ሙዚቃዊ ስልት” ይገኛል። በዚህ ድርሰት የቤዙ ሐረግ አጭር ነው፤ ደጋግሞ ይዞራል። ኮርድ እየቀያየረ ዜማውን አያሳድድም። እንደ ከበሮው ሰፊ አፍ ጊዜ ይይዛል፤ ከከበሮው የሚለየው ቃና ያለው በመሆኑ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ መላከ ከኃይሉ መርጊያና ከሞገስ ሀብቴ ጋር እዚያው ቀረ፤ ዙላ በሚል ስምም አብረው ተጫወቱ።

ሌላው ጆቫኒ ሪኮ ነው፤ በመጀመሪያ የአይቤክስ፣ በኋላ የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመውን የማሕሙድ አሕመድን “ኧረ መላ መላ” ያዳመጠ ሰው አይቤክስን ሰምቷል። በእኔ ጆሮ የሪኮ አጨዋወት ከመላከ ይልቅ ተንቀሳቃሽ ነው፤ በዘፋኙ ሐረጎች መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ ይመልሳል፣ ዘፋኙ ሲመለስ ይወጣለታል። ይህ የአዝማሪው ማሲንቆ ጠባይ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ በተመሳሳይ መሣሪያ ለጥያቄያችን ሁለት መልስ ሰጡ፦ አንዱ ከከበሮ፣ ሌላው ከማሲንቆ ወገን። ከእነርሱ በኋላ የመጡትን ተጫዋቾች ሳዳምጥ ዘወትር የምጠይቀው ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ድምፅ ቀለምና ስለ ጊዜ ነው። ዋናው ነገር ግን ቅኝት ነው፤ ተማሪዎች ማስታወሻ ያዙ።

ከዶ ብንነሣ የትዝታ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። የባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። የአምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ስሙን ከታወቀው የሠርግ ዘፈን የወሰደው የአንቺ ሆዬ ቅኝት ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። በቤዝ ጊታር ላይ ትዝታ እጅግ ምቹ ነው፤ ክሮቹ በአራት ድምፅ ርቀት ስለተቃኙ በእያንዳንዱ ክር ሁለት ሁለት ድምፅ ይውላል፣ እጅ ከቦታው ሳይነሣ ቅኝቱ ይዘጋል። ጀማሪ ሁሉ ትዝታን የሚወደው ዜማው ስለሚያሳዝን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጣትም የራሱ ምርጫ አለው።

በዓለም ዙሪያ ቤዝ የሚማር ሰው ቀድሞ የሚለምደው መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን ማፈራረቅ ነው፤ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሶል። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ይህ ልማድ አይከዳም። በአንቺ ሆዬ ግን ሶል የለም፤ ያለው ሶል ፍላት ነው። ከሥር ሶል የሚመታ ተጫዋች ሙሽራዋ ፊት ከዘፋኟ ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል። ታዲያ ምን ያድርግ? ወደ ፋ ልሂድ ቢል፣ ፋ በቅኝቱ ውስጥ አለ፤ ከዶ ጋርም ይስማማል። ችግሩ ግን ሌላ ነው፤ ፋ ከሥር በጠንካራ ምት ላይ ሲደጋገም ጆሮ መነሻው ፋ እንደሆነ መቁጠር ይጀምራል፣ ዶም የፋ አምስተኛ ይሆናል፤ ዘፈኑ ቤቱን ይለቃል። ጠንቃቃ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ዶ ላይ መቆየት፣ ወደ ላይኛው ዶ ዘሎ መመለስ፣ አለዚያም ለአፍታ ከዜማው ጋር አብሮ መሄድ ነው። ይህን የሚያደርግን ሰው “ቀላል ነው የሚጫወተው” ብሎ የሚንቅ ጆሮ ያልሠለጠነ ጆሮ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው የአምባሰል ነገር ነው። የአምባሰልን አምስት ድምፆች ሳንጨምር ሳንቀንስ ከፋ ጀምረን ብንደረድራቸው ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ይሆናሉ። ይህ ትዝታ ማይነር ብለን የምንጠራው ቅኝት ነው። እንግዲህ ዘፋኙ አምባሰል እየዘፈነ፣ ማሲንቆው አምባሰል እየመታ፣ የቤዝ ተጫዋቹ ብቻ ከሥር ፋ ላይ ቢያርፍ አድማጩ ትዝታ ሊሰማ ይችላል። ከላይ ያሉት አንድም ድምፅ አልለወጡም፤ ቅኝቱን የለወጠው የአንድ ሰው አንድ ጣት ነው። የቤዝ ጊታር በእኛ ሙዚቃ ውስጥ ያለው ሥልጣን ይህ ነው፤ መነሻው የቱ እንደሆነ ይወስናል። በማሲንቆና በክራር ዘመን ይህን የሚወስን የተለየ መሣሪያ አልነበረም፤ ዜማው ራሱ የት እንደሚያርፍ ይናገር ነበር።

የፍሬት ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ አዝማሪው ጣቱን እያንሸራተተ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን መንገድ ሁሉ ያሰማል። በጃኮ ፓስቶሪየስ የታወቀው ፍሬት አልባ ቤዝ ለዚህ ቅርብ ይመስላል፤ በጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ ካነጋገርኳቸው ተጫዋቾች መካከልም የሚመኙት አሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ወግ አጥባቂ ነኝ። ሁሉም የሚንሸራተት ከሆነ መሬቱ የቱ ነው? ማሲንቆው ይንሸራተት፣ ቤዙ ይቁም። ይህ ግን የእኔ ምርጫ ነው፤ እንድትቀበሉት አላስገድድም።

ስለ አምስተኛው ክር አጭር ነገር ልበል። ባለ አራት ክሩ ከሚ በታች አይወርድም። የዘፋኙ መነሻ ዶ ወይም ሬ ከሆነ ተጫዋቹ መነሻውን ከሥር በጥልቀት ማግኘት አይችልም፤ ከፍ ብሎ ይይዘዋል። አምስተኛው ክር እስከ ሲ፣ ማለትም በሴኮንድ 31 ርግብግቢት ገደማ ድረስ ይወርዳል። በትልቅ አዳራሽና በጥሩ ማጉያ ይህ ግርማ ይሰጣል። በጠባብ ቤት ግን ሌላ ነው። የሚ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ግማሹ ሞገድ ልክ ይገጥማል፤ በግድግዳው ጥግ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ይደነቁራል፣ መሐል የተቀመጠው ምንም አይሰማም። በአዝማሪ ቤቶች “ቤዙን ቀንሱት” እና “ቤዙ የታለ?” የሚሉ ሁለት ደንበኞች በአንድ ምሽት የሚጣሉት ለዚህ ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ብዙ የከተማችን ተጫዋቾች ከታችኛው ክር ርቀው በመካከለኛዎቹ ላይ የሚሠሩት ቤቱ አስተምሯቸው ነው።

በሰሜን ጎንደር ደጋ ደግሞ አየሩ አለ። መሣሪያው እንጨት ነው፤ በክረምት ጭጋግ እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል፤ አንገቱ ይጎብጣል፣ ይቃናል። ደባርቅ ላይ የሚሠራ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ የአንገቱን ብረት ማስተካከል ካላወቀ ፍሬቱ ላይ የሚያርር መሣሪያ ይዞ ይቀራል። ውድ መሣሪያ ከመመኘት አስቀድሞ ቁልፉን መያዝ ይሻላል።

ከሙዚቃ ምርጫ አንጻር ያስተዋልኩት ደግሞ ይህ ነው። እንጀራቸውን በእስክስታና በችክችካ የሚያገኙ የቤዝ ተጫዋቾች ለራሳቸው ደስታ ምን ትሰማላችሁ ሲባሉ አብዛኛውን ጊዜ ሬጌ ይላሉ። ምክንያቱን መረዳት ከባድ አይደለም። የዌይለርሱ አስተን ባሬት በተጫወተበት ሙዚቃ ቤዙ ዜማ አለው፤ ዝም የሚልበት ቦታም አለው፤ ዝምታው ይሰማል። በችክችካ ሁለቱና ሦስቱ እየተደራረቡ ሲፈጥኑ ግን ተጫዋቹ ትንፋሽ አያገኝም፣ ብዙ ጊዜም ከድራሙ እግር ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሬጌን የሚወዱት እዚያ ሰው ስለሚሰማቸው ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። ሄኖክ ተመስገን እ.ኤ.አ. በ1984 በዋሽንግተን ከአድማስ ባንድ ጋር “የኢትዮጵያ ልጆች” የሚል ትርጉም ያለውን አልበም ሠራ፤ በበርክሊም ተምሯል፤ ወደ አገሩ ተመልሶም ጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል። ዛሬ በአዲስ አበባ የባህል መድረኮች የምናየው ቤዝ ክራር ደግሞ ጥያቄውን ገልብጦ ይመልሰዋል፤ የውጭውን መሣሪያ ከማልመድ ይልቅ የራሳችንን ክራር አግዝፎ፣ ወፍራም ክር ጭኖ ወደ ታች ያወርደዋል። ክራር አስቀድሞ በቅኝቱ ስለሚቃኝ፣ ቤዝ ክራር የሚመታ ሰው በአንቺ ሆዬ ላይ ሶልን በስሕተት ሊመታ አይችልም፤ ክሩ የለማ!

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር እመጣለሁ። በከተማችንም ሆነ በደጋው ወረዳዎች በሚደረጉ ሠርጎች ዛሬ ዳስ ውስጥ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ነው። ይህ ከድህነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ አንድ ሰው ከአምስት ሰው ይረክሳል፣ በአንድ ባጃጅም ይጫናል። ኪቦርዱ የራሱ አጃቢ አለው፤ በግራ እጅ ኮርድ ሲነካ ቤዙን ራሱ ይሠራል። የሚሠራው ግን ለሌላ ሙዚቃ በተዘጋጀ ሕግ ነው፤ መነሻና አምስተኛ፣ መነሻና አምስተኛ። መሣሪያው አንቺ ሆዬ ሶል እንደሌለው አያውቅም። አምባሰልን ወደ ትዝታ እንደሚጎትት አያውቅም። ጎበዝ የኪቦርድ ተጫዋች አጃቢውን አጥፍቶ ቤዙን በጣቱ ይመታል፤ እንዲህ ያሉትን አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ሌላው ግን ይተወዋል፤ በዚያ ድምፅ ያደገ ልጅ ደግሞ ግጭቱን እንደ ቅኝቱ አካል ይቀበለዋል። የቅኝቶቻችን ልዩነት የሚጠፋ ከሆነ በአዋጅ አይጠፋም፤ ከሥር ነው የሚጠፋው፣ ማንም ልብ በማይለው ክፍል።

ልብ አለማለቱ በሰነዶቻችንም ይታያል። የድሮ ካሴቶችን ሽፋን አገላብጡ፤ የዘፋኙን ስም፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን፣ አንዳንዴም የባንዱን ስም ታገኛላችሁ። የቤዝ ተጫዋቹን ስም ግን እምብዛም አታገኙም። የአዲስ አበባዎቹን ጥቂቶች ያወቅናቸው አልበሞቻቸው በውጭ አገር እንደገና ስለታተሙ ነው። በእኛ አካባቢ በፋሲለደስ ኪነትና በየአውራጃው ቡድኖች ውስጥ መሣሪያውን ይዘው የቆሙት ሰዎች ግን ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጠፋባችሁ ተማሪዎች ካላችሁ፣ መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱ። ሰዎቹ ታላላቆቻችሁ ናቸውና “ጋሼ” ብላችሁ ተቀመጡ፤ የሕይወት ታሪካቸውን ከመጠየቃችሁ በፊት ግን መሣሪያ አስይዟቸው። አምባሰል ላይ ከሥር ምን ትመቱ ነበር? አንቺ ሆዬ ላይስ? ክሩን ከየት ታገኙ ነበር? እጃቸው የሚያስታውሰውን አፋቸው ላያስታውስ ይችላል።

ስለ አምባሰል የተናገርኩትን በቃል ከመድገም ማሰማት ይቀላል። መሣሪያው ባለ አራት ክር ነው፤ ክሮቹም አልተቀቀሉም። አብሮኝ ማሲንቆ የሚመታው ወንድማችን አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ ሳይለውጥ ይጫወታል፤ እኔ በመጀመሪያው ዶ ላይ፣ በሁለተኛው ፋ ላይ አርፋለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ የአዳራሹ መሐል ላይ ያላችሁትም ጭምር፣ ቤዙ ካልተሰማችሁ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ። ማጉያውን አብሩልኝ።